የአጥናፉ አህያ

ሰርካለም አጥናፉ ፈሪ ናት። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክድም። የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ትደነግጣለች፣ ስልኳ ሲጠራ ትደነግጣለች፣ ስልኳ ሳይጠራ ከዋለም ትደነግጣለች። «ፈሪ ለናቱ» የሚለው ተረት ለእሷ የተተረተ ይመስል፣ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት እስኪቀራት ድረስ ከእናቷ ከወይዘሮ ተዋበች ቤት አልወጣችም። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር፤ ባሏም እዚያው ገባ። ባሏ አስተማሪ ነውና ወደ ወገዳ ሲዛወር «መንገዱ አያስተማምንም» ብላ ቀረች፤ ትዳሩም በዚያው ቀረ።

እንጀራዋ ግን የመንገድ ነው። ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ውስጥ፣ በቆርቆሮ በታጠረች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ትኬት ትቆርጣለች። ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ነጋዴ፣ ስንቱን በሽተኛ ወደሚሄድበት ሰድዳለች፤ ራሷ ግን ከደብረ ታቦር አልፋ አታውቅም። የመንገድ ወሬ ቀድሞ የሚደርሰው እሷ መስኮት ላይ ነው። የት ተዘጋ፣ የት ተከፈተ፣ የትኛው ሹፌር አድሮ ገባ፣ የትኛው የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። በእነዚህ በክፉ ዓመታት ደግሞ ሰው ትኬት ሊቆርጥ ሲመጣ ከዋጋው በፊት «ሰላም ነው አሉ?» ብሎ መጠየቅ ለመደ። እሷም «ሰላም ነው አሉ» ትላለች። ማን እንዳለ አታውቅም። ተጓዡም ማን አለ ብሎ አይጠይቃትም፤ ብሩን ሰጥቶ፣ አማትቦ ይሳፈራል።

እንዲህ ያለች ሴት ብቻዋን የዱር አራዊት ልታይ እስከ አርባ ምንጭ ለመሄድ ተነሣች ቢባል ማን ያምናል? ግን ተነሣች። ጥፋቱም የአባቷ ነው።

አባቷ አጥናፉ በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ አርባ ምንጭ ተመድቦ ነበር። ሲመለስ ጡረታም ሜዳሊያም አላመጣም፤ ይዞ የመጣው አንድ ወሬ ብቻ ነው። ከሐይቁ ማዶ፣ ነጭ ሣር በሚባል ሜዳ ላይ፣ እግዜር ጥቁርና ነጭ ጥለት ያለበሰው አህያ አይቻለሁ ይላል። ጥለቱስ ይሁን። የሰፈሩ ሰው ያላመነው ሌላውን ነው። «ጭነት አያውቅም» ይላቸው ነበር። «አባቱም አልተጫነ፣ አያቱም አልተጫነ። ቢጭኑት ይሞታል እንጂ አይሄድም።» ገብሱን ከአውድማ፣ ጨውን ከገበያ፣ ውኃውን ከወንዝ በአህያ ጀርባ ለሚያግዝ አገር ይህ የማይዋጥ ነገር ነው። ስቀው ስቀው ተረት አደረጉት። ዛሬም በዚያ ሰፈር ሰው የማይመስል ነገር ሲያወራ «ይቺስ የአጥናፉ አህያ ናት» ይባላል። አሁን የአንደኛ ክፍል ልጅም የሜዳ አህያን በመጽሐፉ ያውቀዋል። ቢሆንም አባባሉ እንደ ጸና አለ፤ የሞተው ባለቤቱ ነው።

ሰርካለም ግን አባቷን ከልቧ ታምነው ነበር። በልጅነቷ «ወስደህ አሳየኝ» ስትለው «ስታድጊ» ይላታል። አደገች፤ እሱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናቷን ስታስታምም፣ የወንድሞቿን ልጆች ስታሳድግ፣ ስታስተምር፣ ስትድር፣ ዕድሜዋ ሄደ። አንዳንድ ቀን ከመስኮቷ ጀርባ ተቀምጣ፣ ማንም ምንም ያልጫነበት እንስሳ በሰፊ ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ሲቆም ይታያታል። ምን ያደርጋል? ሣር ይግጣል፣ ጅራቱን ይነሰንሳል። በቃ። ይህን ቆማ ማየት ፈለገች። ለሰው ቢነግሩት የሚያስቅ፣ ለብቻ ሲያስቡት የሚያስለቅስ ምኞት ነበር።

ስልኳ ላይ፣ በትንሽ ወጪ አገር የሚጎበኙ ወጣቶች የሚጻጻፉበት የቴሌግራም ቡድን አገኘች። የተጻፈውን ሁሉ አነበበች። በሕዝብ ማመላለሻ ሂዱ፤ ጀልባ ለብቻችሁ አትከራዩ፣ ከሌሎች ጋር ተጋሩ፤ መናኸሪያ አጠገብ አልጋ አትያዙ፤ ሜዳው ላይ ከፓርኩ ጠባቂ ሳትለዩ በእግር ሂዱ። ስሟን ቀይራ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ሴት ብቻዋን ትችላለች?» አንዷ «ትችላለች» አለቻት። አንዱ ደግሞ «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ብሎ ሣቀባት። ከአርባ ምንጭ አንድ አስጎብኚ ወጣት በድምፅ ይልክላት ጀመር። «እህቴ፣ አታስቢ፤ በጠዋት ከመጣሽ በቅርብ ነው የምታያቸው» ይላል። ይህን ስትሰማ የስልኩን ድምፅ ቀንሳ፣ በነጠላዋ ተሸፍና ነው። ኃጢአት እንጂ አህያ የምትጠይቅ አትመስልም ነበር።

ፍርሃቷንም አብራ አቀደችው ማለት ይቻላል። አስጎብኚው ሌባ ቢሆንስ? አዲስ አበባ ላይ ስልኬን ቢነጥቁኝስ? አዞው ጀልባውን ቢገለብጠውስ? የአልጋው ክፍል መዝጊያ ባይኖረውስ ብላ ጓጉንቸር ገዝታ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች። ለአዞው የሚገዛ ነገር አልተገኘም። ከሁሉ በላይ የምትፈራው ግን አዞም ሌባም አልነበረም። የምትፈራው የጉዞዋን መጀመሪያ፣ ከራሷ መናኸሪያ እስከ ደብረ ታቦር ያለውን፣ በየቀኑ ለሰው የምትሸጠውን መንገድ ነው።

ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ መናኸሪያው ኃላፊ ወደ ደምሌ ገባች። ደምሌ ቀና ብሎ አያትና «ምነው፣ ማን ሞተ?» አላት። አይፈረድበትም። በእኛ አገር ሴት ብቻዋን ሩቅ መንገድ የምትወጣው ለለቅሶ ነው፣ ለሕክምና ነው፣ ለፍርድ ቤት ነው፣ አለዚያም ለጸበል ነው። አህያ ለማየት የሚባል ምክንያት የለም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ የሰርካለም አፍ አመለጣት።

«ምድረ ከብድ» አለች። «አቦን ልሳለም ነው።»

ከየት አመጣችው? በስልኳ ካርታ ላይ የአርባ ምንጭ አውቶቡስ በቡታጅራ በኩል ሲያልፍ፣ የምድረ ከብድ ገዳም መገንጠያ ላይ እንደሚደርስ አይታ ነበር። ስለዚህ ለራሷ እንዲህ አለች፤ ሙሉ ውሸት አይደለም፣ በአጠገቡ አልፋለሁ፣ ከመኪናው ውስጥ ሆኜ እሳለማለሁ። ደምሌ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ታድለሽ» አለና ባርኔጣውን አወለቀ። እሷም የሚከተላትን ሳታውቅ ገባችበት።

እዚህ ላይ የአገሩን ነገር ልንገራችሁ። መንገዱ ከተበላሸ ወዲህ ስለት በየቤቱ ተከማችቶ ነበር። ከሕመም የዳነ፣ ከመካንነት የወጣች፣ ልጁ ከእስር የተፈታለት፣ ለሩቅ ገዳም ተስሎ መሄድ ያልቻለ ሰው ብዙ ነው። ስለት ያላስገባ ሰው ደግሞ በሰላም አይተኛም፤ ላሚቱ ብትነጥፍ ስለቴ ነው፣ ልጁ ቢወድቅ ስለቴ ነው ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ ገዳም ይሄዳል ከተባለ ስለቱን ሁሉ ለእሱ ያስይዙታል። የተሰጠው ሰው እንቢ አይልም። እንቢ ያለ ደግሞ ምን እንደሚደርስበት ማንም አይናገርም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ገባ። ጎረቤቶች ጧፍ አመጡ፣ ዕጣን አመጡ፣ መጋረጃ አመጡ። ሆቴል ያላት ልዕልት ከሰርካለም ቁመት የሚበልጥ ጥቅልል ምንጣፍ በባጃጅ አስጭና መጣች። «አውቶቡሱ ላይ ይጫን ይሆን ልዕልትዬ?» ብትላት «የኔ እናት፣ ለእግዜር ቤት እኮ ነው» ብላ አገላብጣ ሳመቻት። ጭነት የማያውቅ አህያ ልታይ የተነሣችው ሴት የግማሽ ቀበሌ ስለት ተጫነች። ነገሩ እሷንም ሊያስቃት ምንም አልቀረው፤ ግን ፍርሃቱ ሣቋን ዋጠው።

ንስሐ አባቷ አባ ላቀው ሊባርኳት ሲመጡ እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች።

«አባ፣ ይሄ ሁሉ... እኔ አልችለውም። ሌላ ሰው ቢወስደው አይሻልም?»

«አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ፣ ልጄ» አሏት። «አንቺን የመረጡሽ አቦ ራሳቸው ናቸው። አትፍሪ። ስለት የያዘ መንገደኛ አይነካም። ሽፍታም ቢሆን አቦን ይፈራል።»

«የያዘው ሰው... ልቡ ሌላ ቦታ ከሆነስ አባ?»

ቄሱ የመሰላቸው ሌላ ነው። «የሁላችንም ልብ ሌላ ቦታ ነው» ብለው መስቀላቸውን አሳለሟት፣ ሄዱም።

አጽናንተዋት መሄዳቸው ነበር፤ የባሰ አስፈራሯት። በደብራቸው ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ግራና ቀኝ አንበሳና ነብር አሰልፈው ቆመዋል። ስለት የያዘውን ሰው የሚጠብቁት እነዚያ አንበሶች ከሆኑ፣ ስለት ይዞ አህያ ሊያይ የሚሄደውንስ ምን ያደርጉታል? ያን ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ከውጭ ሆና ነው። አንበሶቹ ወደ እሷ የሚያዩ መሰላት።

በመጨረሻ ውባለም መጣች። ውባለም አጥር ብቻ የሚለያት ጎረቤቷ ናት። ባሏ ክንዱ ወፍጮ ቤት ነበረው። ባለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ የወፍጮው ቺንጋ፣ ድንጋዩን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ተበጠሰና አዲስ ሊገዛ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ። አልተመለሰም። ስልኩ አይጠራም። ታስሯል ያለ አለ፣ ሱዳን ገብቷል ያለ አለ፣ ሌላ ሴት ይዟል ያለም አልጠፋም። ውባለም ፖሊስ ጣቢያና ሆስፒታል ስትዞር ጫማዋ አለቀ። የዚያን ቀን ትኬቱን የቆረጠችለት ሰርካለም ነበረች። እንደ ሰው ሁሉ «ሰላም ነው አሉ?» ብሎ ጠይቋት፣ እንደ ልማዷ «ሰላም ነው አሉ» ብላዋለች። ይህን ለውባለም አንድም ቀን አልነገረቻትም። አጥሩ ላይ ባየቻት ቁጥር ሰላምታ ሰጥታ ቶሎ ቤት ትገባለች።

ውባለም ዘርፍ ያለው ቀይ ዣንጥላ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዘርፉን በጣቷ ስትፈታታ ቆየች።

«ሲመጣ ላስገባ ነበር የተሳልኩት» አለች በኋላ። «ሲመጣ፣ ሲመጣ እያልኩ ይኸው ዓመት ሆነ። ቀድሜ ልስጣቸው ብዬ አሰብኩ ሰርኬ። ዱቤ ጠልተው ቢሆንስ?»

«ኧረ ውቤ፣ ስለት እኮ ከተሰማ በኋላ ነው...»

«አውቃለሁ። አሁን ግን ሌላ የማደርገው የለኝም።» ዣንጥላውን ሰጠቻት። «ስትደርሺ የክርስትና ስሙን ጥሪልኝ። ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። ክንዱ ብትያቸው አያውቁትም።»

ሰርካለም ዣንጥላውን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም። ውባለም የእምነት መስሏት ግንባሯን ሳመቻት።

ከዚያ በኋላ ጉዞውን ልተወው ብላ ያልፈለገችው ሰበብ የለም። ታመምኩ ልትል አሰበች፤ ታምማ ጸበል ቀረች የሚባል ሰው ግን የለም፣ እንዲያውም ተሸክመው ይወስዷታል። መንገዱ ተዘጋ ልትል አሰበች፤ መዝጊያና መክፈቻው የእሷው አፍ ነው፣ ግን ሹፌሮቹ አሉ። በጸጥታ አርባ ምንጭ ደርሼ፣ ስመለስ ገዳሙ መገንጠያ ላይ ወርጄ ሁሉንም አስገባለሁ ብላ ወሰነች። መጀመሪያ አህያው፣ ከዚያ አቦ። ቅደም ተከተሉ ራሷን አሸበራት፤ ግን ገንዘቡም ፈቃዱም ሁለቱን የሚችለው በዚያ መንገድ ብቻ መሰላት።

የጉዞው ቀን እናቷ እስከ መናኸሪያው በር ሸኟት። «ልጄ፣ አባትሽም እንደዚህ ፊቱ ነጥቶ ነው የሄደው፤ ግን ተመልሷል» አሏት። ሹፌሩ ደሴ ምንጣፉን ጣራ ላይ አሰረ። ዣንጥላውን አልሰጠችውም፤ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሲነሣ ሕፃናት እልል አሉ። ሰርካለም ዓይኗን ጨፈነች።

ከተማው እስኪያልቅ ወሬ ነበር። ካለቀ በኋላ ሴቶቹ የአንገት ሐብላቸውን አውልቀው ወደ ጡታቸው ከተቱ። ወጣቶቹ ስልካቸውን አጎንብሰው ፎቶ ያጠፋሉ፤ ለምን እንደሚያጠፉ እንኳ ሳያውቁ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ውዳሴ ማርያም በሹክሹክታ ይደግማሉ። የጉና ተራራን ነፋስ መስኮቱ አያግደውም፤ የሰርካለም ጀርባ ግን በላብ ርሶ ነበር። ለስንት ሰው ነው ይህን መንገድ የሸጥኩት እያለች ታስባለች። እኔ መስኮቴ ጋ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ፣ እነሱ እዚህ እንዲህ ነበር የሚሆኑት?

አንድ ጠመዝማዛ ሲታጠፍ ደሴ ቀስ አለ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል። የማን እንደሆኑ በዚያ መንገድ አይጠየቅም፤ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው።

አንድ ወጣት ወደ ውስጥ ገባ። ጢሙ ገና አልጠነከረም፣ ክላሹን ደረቱ ላይ አንግቷል። ከፊት ጀምሮ እያንዳንዱን መታወቂያ ያያል፣ የት እንደሚሄድ ይጠይቃል። ሰው ሲመልስለት ድምፁ የራሱ አይመስልም። ሰርካለም አባታችን ሆይን ጀመረችው፤ «እንዲሁም በምድር» ላይ ስትደርስ ጠፋባት። እንደገና ጀመረችው፤ እንደገና እዚያው ላይ ጠፋባት። አህያውም፣ አርባ ምንጭም፣ ሐይቁም ከአእምሮዋ እልም ብለው ጠፍተዋል። እናቷን ብቻ ነው የምታስበው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አላት ዣንጥላውን በዓይኑ እያመለከተ።

«ስለት» አለች። 

«ወዴት?»

«ምድረ ከብድ። አቦ።»

ወጣቱ ቆመ። ክላሹን ከደረቱ ወደ ጀርባው አዞረና ጎንበስ አለላት። እመታለሁ ብላ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«እታለም፣ ስም ትይዢያለሽ?» አለ፣ ሌላው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እይዛለሁ።»

«አመተ ማርያም በይልኝ። እናቴ ናት፣ እስቴ ወረዳ። ታማ ነው ጥያት የወጣሁት። ትኑር አትኑር አላውቅም።» ኪሱን ዳበሰ፤ ምንም አላገኘም። «የምልከው የለኝም። ስሟን ብቻ።»

ከእሷ በኋላ ማንንም አልጠየቀም። ወርዶ ለጓደኞቹ ምልክት ሰጠ፤ ድንጋዩን አነሡ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

ሰዉ እንደገና ሰው ሆነ። አንዷ አለቀሰች፣ አንዱ ሣቀ። ሽማግሌው ውዳሴያቸውን አቁመው «በዚች ልጅ ስለት ነው የወጣነው፣ አቦ ቀደሙልን» አሉ። ከፊት የተቀመጠችው ሴት ዞራ የሰርካለምን ጉልበት ሳመች። ሰርካለም ግን ምንም አልሰማችም። ቀዩን ዣንጥላ እያየች ነበር።

ክንዱም በዚህ መንገድ ነው የሄደው። ሌላ መንገድ የለም። ያ ልጅ ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ ይውላል፤ የሚያልፈውን ሁሉ ያያል። እኔ የክንዱን ስም ይዤ አገር አቋርጬ ለቅዱስ ልነግር እሄዳለሁ፣ የሚያውቅ ሰው ግን እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር። አንድ ቃል አልጠየቅሁትም። ለምን? ፈርቼ። የእናቱን ስም ያሸከመኝን ልጅ ነው የፈራሁት። ውባለም ብትሆን እግሩ ሥር ትወድቅ ነበር። አውቶቡሱ በራቀ ቁጥር ሐሳቡ እየከበዳት ሄደ። የገባችበት ሐፍረት ከፍርሃቷ በለጠ፤ በዕድሜዋ ከፍርሃቷ የበለጠ ነገር ሲገጥማት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ወራጅ አለ» አለች።

ደሴ በመስታወቱ አያት። «እዚህ? ሰርኬ፣ አብደሻል?»

«ወራጅ አለ አልኩህ።»

ነጠላዋን የያዟት ሰዎች ነበሩ። ሽማግሌው «ልጄ፣ እግዜር ያወጣሽን ጉድጓድ ተመልሰሽ አትግቢበት» አሏት። ወረደች። ዣንጥላውን በደረቷ አቅፋ በአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች። ዓይኗ ያነባል፣ ግን ትራመዳለች። ሰዎቹ ሲያዩዋት መሣሪያቸውን አነሡ። ቆመች። ወጣቱ አወቃትና በእጁ አመልክቶ መሣሪያውን አስወረዳቸው።

«ምን ሆንሽ?»

«ወንድምዓለም» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «የጎረቤቴ ባል ነው። አምና በክረምት የወፍጮ ቺንጋ ሊገዛ ደብረ ታቦር ሄዶ ቀረ። ክንዱ ይባላል። ቀላ ያለ፣ ረጅም ሰው ነው። ትኬቱን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ሰላም ነው ብዬው ነበር።»

ወጣቱ ወደ ጓደኞቹ ዞረ፤ አንደኛው መሬት መሬት ያያል።

«ቺንጋውን ትከሻው ላይ አጥልቆ ነበር» አለ ወጣቱ። «ሲመለስ ነው፣ ከሩቅ በመጣ የጭነት መኪና። ተኩስ ተነሣና መኪናው ቆመ፤ ሰዉ ወደ ገደሉ ሲበተን እሱም ወርዶ ነበር። ቺንጋውን መኪናው ውስጥ ረስቶ ሊያመጣው ተመለሰ፤ ትከሻው ላይ አጥልቆት ሲወርድ ተመታ። ጥይቱ ከየት በኩል እንደመታው አላየሁም እታለም፣ በናቴ። ኪሱን ስናይ ማን እንደቀደመን እንጃ፣ ባዶ ነው። ስልክ የለ፣ መታወቂያ የለ።» በአገጩ ከመንገዱ በላይ ያለውን ጥድ የከበበውን ደብር አሳያት። «እዚያ ነው። የገበሬዎቹ ቄስ ፈትተው ቀበሩት። ስሙን የሚያውቅ ጠፋ። ጌታ ሆይ፣ ስሙን አንተ ታውቃለህ እያሉ ነው የፈቱት።»

ሰርካለም አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች።

«ክርስትና ስሙን ታውቂያለሽ?» አላት።

«ኃይለ ጊዮርጊስ» አለች። «ኃይለ ጊዮርጊስ ነው።»

ወጣቱ ስሙን ለራሱ ደገመው። ከዚያ አብሯት ወደ ደብሩ ወጣ። መቃብሩ ላይ ድንጋይ ተከምሯል፣ ሌላ ምልክት የለውም። ቄሱን ከማሳቸው ጠርተው አመጧቸው፤ ስሙን ስትነግራቸው እንደ ሸክም ያቃለለችላቸው ያህል ተነፈሱ። ዣንጥላውን ለዚያች ደብር ሰጠች። ውባለም የተሳለችው ሲመጣ ብላ ነበር፤ አልመጣም። ሰርካለም ግን ከዚህ ሌላ የት እንደምትወስደው አላወቀችም።

ስትመለስ አውቶቡሱ እንዳለ ቆሟል። ደሴ ሊሄድ ፈርቶ፣ ሊጥላትም ፈርቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ጠብቋታል። ስልኳን አየች፤ ኔትወርክ አለ። ለውባለም መደወል ትችል ነበር። መርዶ ግን በስልክ አይነገርም። መርዶ በንጋት፣ ሽማግሌ ይዞ፣ በአካል ቆሞ ነው የሚነገረው። ወደ አርባ ምንጭ ሄዳ፣ ሜዳውን አይታ፣ ከዚያ ተመልሳ ልትነግራት ትችላለች? ያን ሁሉ ቀን ውባለም በር በሩን እያየች? ዕንባዋ አሁን መጣ። ለክንዱ ይሁን፣ ለውባለም ይሁን፣ ወይስ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ለራሷ ለፈለገችው ነገር ይሁን አለየችውም። ለሁሉም ነበር። ባለ ጥለቱ አህያ ቆሞ ሣሩን ይግጥ፤ እሷን የሚጠብቃት የውባለም ቤት ነው።

«ሰርኬ፣ ግቢ እንጂ፣ ይመሽብናል» አለ ደሴ።

«ምንጣፉንም ስለቱንም ገዳም ለሚሄድ ሰው አደራ ስጥልኝ» አለችው። «አመተ ማርያም የሚለውንም ስም ንገርልኝ። የኔን ሻንጣ ግን አውርድልኝ።»